በዙሪክ «ትንቢት» ሲባል ንባብ ነበር

«ዛሬ ማታ የትንቢት ፕሮግራም አለ» ቢባል የብዙዎቻችን አዳራሽ ይሞላል። «ነገ ጠዋት የዕብራይስጥ ሰዋስው ትምህርት አለ» ቢባልስ? ምናልባት አስተማሪውና ሁለት ሰው ይገኙ ይሆናል፤ ከሁለቱም አንዱ ጥበቃው ነው። እ.ኤ.አ. በ1525 በስዊዘርላንዷ ዙሪክ ከተማ ግን ሁለቱ አንድ ፕሮግራም ነበሩ። ዕብራይስጡ የሚነበብበት፣ ግሪኩ የሚተነተንበት፣ ወጣት ተማሪዎች ከሸመገሉ ቄሶች ጎን ተቀምጠው አንዱን ምዕራፍ ቃል በቃል የሚመረምሩበት የማለዳ ጉባኤ ነበራቸው። ስሙም «ፕሮፌትሳይ» ይባል ነበር፤ ትንቢት ማለት ነው።

ስለ ተሐድሶ ዘመን ስንተርክ የምንወደው መዶሻውንና ምስማሩን፣ በንጉሠ ነገሥት ፊት የቆመውን መነኩሴ ነው። በዙሪክ የሆነው ለትረካ አይመችም። ሰዎች ተቀምጠው አነበቡ፣ ሌሎችን ማንበብ አስተማሩ፤ በማግስቱም ካቆሙበት ቀጠሉ። ይህን ታሪክ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለሚያበረታታ ብቻ አይደለም። ውስጡ የሚያስደነግጥም ነገር ስላለ ነው።

ጉባኤውን የመሠረተው ኡልሪክ ዝዊንግሊ ነው። ሰውዬው ከማስተማሩ በፊት ራሱ ተማሪ ነበር፤ ያውም በዕድሜ ከገፋ በኋላ። ኢራስመስ የተባለው ሊቅ በ1516 የግሪኩን አዲስ ኪዳን በባዝል አሳተመ። ያን ጊዜ ዝዊንግሊ የሠላሳ ሁለት ዓመት ቄስ ነበር። መጽሐፉን አግኝቶ በማንበብ ብቻ አልተወሰነም። በ1517 የጳውሎስን መልእክቶች በሙሉ፣ ከነግሪክ ፊደላቸው፣ በገዛ እጁ ገለበጣቸው። በኪስ የምትያዝ ትንሽ ደብተር ናት፤ በኅዳጓ ላይ የአባቶችን ማብራሪያ በደቃቅ ጽሕፈት ሞልቶባታል። ዛሬም በዙሪክ ቤተ መጻሕፍት ትገኛለች። በኋላም ዮሐንስ ሮይሽሊን ባዘጋጀው የሰዋስው መጽሐፍ ዕብራይስጥን ተማረ። በእጁ የገለበጠ ሰው አንዲት «ግን» እና አንዲት «ስለዚህ» እንኳ አታልፈውም። ሞክሩት እስቲ፤ ገላትያን በወረቀት ላይ ገልብጡ። ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ዘላችሁት እንዳለፋችሁ ታያላችሁ።

በጃንዋሪ 1 ቀን 1519 በዙሪክ ግሮስሙንስተር በሚባለው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎቱን ሲጀምር ለየእሑዱ የተመደበውን ቁራጭ ንባብ ትቶ ከማቴዎስ ወንጌል መጀመሪያ ተነሣ፤ በተከታታይ እየሰበከም ቀጠለ። ሕዝቡ ወደደው። ነገር ግን አንድ ሰው ማንበብ ቢችል ምን ይጠቅማል? በየገጠሩ የሚያገለግሉት ቄሶች ላቲኑን እንኳ በውል የማያውቁ ነበሩ። የሚያዜሙትን የማይረዱ ብዙዎች ነበሩ። ስለዚህ ጥያቄው «ማን ይስበክ?» ከሚለው ወደ «አንባቢ እንዴት ይፈጠር?» ወደሚለው ዞረ።

መልሱ ከገንዘብ ጀመረ። (መንፈሳዊ ነገር ውስጥ ገንዘብ ሲነሣ ደስ የማይለን አለን፤ ግን መምህር ይበላል።) ግሮስሙንስተር ሃያ አራት ካህናት ያሉት፣ መሬትና አሥራት ያለው ሀብታም ደብር ነበር። በሴፕቴምበር 1523 የከተማው ምክር ቤትና ካህናቱ ተስማሙ። ካህን ሲሞት ቦታው በሌላ አይተካም፤ ገቢው ለዕብራይስጥ፣ ለግሪክና ለላቲን መምህራን ይውላል። በሕይወት ያሉት አልተባረሩም፤ ድርሻቸውን ይዘው ቆዩ። ሥራቸው ግን ተለወጠ። በማለዳ ተሰብስበው በላቲን የሰዓታት ጸሎት ያዜሙ በነበሩበት ስፍራ፣ እኛ ቅኔ ማኅሌት በምንለው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት መጽሐፍ ይዘው እንዲቀመጡ ተደረገ።

የመጀመሪያው ቀን ጁን 19 ቀን 1525 ነበር። ያነበቡት ዘፍጥረት ምዕራፍ አንድን ነው።

ከዚያ በኋላ ከእሑድና ከገበያው ቀን ከዓርብ በቀር በየዕለቱ ተሰበሰቡ፤ ቀኑ ሲረዝም ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ብርዱና ጨለማው ሲበረታ 2 ሰዓት ላይ። የከተማው ሰባኪዎች፣ የደብሩ ካህናትና ከፍ ያለ ክፍል የደረሱ የላቲን ትምህርት ቤት ልጆች ይገኛሉ። መጀመሪያ አጭር ጸሎት ይደረጋል፤ ቃሉ ብርሃን የሆነ አምላክ አእምሮአቸውን እንዲከፍት፣ የተረዱትንም እንዲኖሩበት ይለምናሉ። ከዚያ አንድ ተማሪ ይነሣና የዕለቱን ክፍል በላቲን ያነባል። ቀጥሎ ያኮብ ቪዘንዳንገር ይነሣል፤ ሊቃውንቱ ሴፖሪኑስ ይሉታል፤ ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመት እንኳ ያልሞላው ወጣት ነው። ያንኑ ክፍል በዕብራይስጥ አንብቦ የቃላቱን ጠባይ ያስረዳል። ሦስተኛው ዝዊንግሊ ነው፤ የሰብዓ ሊቃናቱን የግሪክ ትርጉም ያነባል፤ ከዕብራይስጡ ጋር የሚስማማበትንና የሚለያይበትን ያሳያል። ቀጥሎ ክፍሉ እንዴት እንደሚሰበክ በላቲን ይነገራል። በመጨረሻ ሕዝቡ ይገባል፤ ሊዮ ዩድ ወይም ሌላ ሰባኪ በዚያ ማለዳ የተገኘውን ሁሉ በከተማው ጀርመንኛ ይሰብካል። አንድ ክፍል በሦስት ቋንቋ ተመርምሮ በአራተኛው ለሸማ ሠሪውና ለገበያተኛዋ ይደርሳል።

አሠራሩ እንዴት እንደሆነ በወሬ ከምነግራችሁ፣ እነሱ በመጀመሪያው ቀን በከፈቱት ገጽ ላይ እኛው እንሞክረው። ዘፍጥረት 1:2 ስለ እግዚአብሔር መንፈስና ስለ ውኃው ይናገራል። ላቲኑን ብቻ የያዘ ተማሪ የሚያገኘው ግሥ «ይወሰድ ነበር» ወይም «ይንሳፈፍ ነበር» የሚል ስሜት አለው፤ ነፋስ የወሰደው ነገርም ሊመስል ይችላል። ወደ ዕብራይስጡ ሲዞር «መራሔፌት» የሚል ቃል ይገጥመዋል። ይህ ግሥ በኦሪት ውስጥ በሌላ አንድ ቦታ ብቻ ይመጣል፤ በዘዳግም 32:11፣ ንስር በጫጩቶቿ ላይ ክንፏን ስታርገበግብ። አሁን ስዕሉ ተለወጠ። በባዶው ምድር ላይ ያለው መንፈስ የሚንሳፈፍ ሳይሆን እንደ እናት የሚያንዣብብ ነው። የእኛ አማርኛ «ሰፍፎ» ይላል፤ መልካም ቃል ነው፤ ግን በውኃ ላይ የተኛ ነገርንም ያሳስባል። ግእዙ ደግሞ «ይጼልል» ብሎ ጥላ መጣሉን ያነሣል። አንድ ግሥ ላይ ሩብ ሰዓት ቆየን። ጊዜ አባከንን? በዚያ ጉባኤ ላይ ይህን አይቶ የወጣ ወጣት ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ልማድ ይዞ ይወጣል፤ «ይህ ቃል ሌላ የት ይገኛል?» ብሎ መጠየቅ።

ይህ ልማድ ዕብራይስጥ ባያውቁም ይቻላል። ኤርምያስ 29:11ን በቀን መቁጠሪያ ላይ፣ በሠርግ ካርድ ላይ፣ በምረቃ ኬክ ላይ አይተነዋል። አንድ ቁጥር ወደ ላይ ከፍ ብለን ስናነብ ግን ተስፋው የሚፈጸመው ከሰባ ዓመት በኋላ ነው ይላል። ደብዳቤው ሲደርስ አዋቂ የነበሩት አብዛኞቹ ከባቢሎን ሳይመለሱ እንደሚሞቱ የተነገራቸው ናቸው። ይህን ያወቀ ሰው ጥቅሱን አይጠላውም፤ ይልቅ የበለጠ ይይዘዋል። ከኬኩ ላይ ግን ያነሣው ይሆናል።

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። ለምን «ትንቢት» አሉት? መሠረታቸው 1ኛ ቆሮንቶስ 14 ነበር። ጳውሎስ እዚያ ነቢያት ሁለት ወይም ሦስት ሆነው እንዲናገሩ፣ ሌሎቹም እንዲመዝኑ፣ ለተቀመጠው አንድ ነገር ቢገለጥለት የፊተኛው ዝም እንዲል ያዛል። የሁሉም ግብ ማኅበሩን ማነጽ ነው። ዝዊንግሊም ነቢይ ሁለት ሥራ አለው ብሎ አስተማረ፤ እንደ ኤርምያስ ክፉውን መንቀልና መልካሙን መትከል፣ ደግሞም የተጻፈውን ቃል ለጉባኤው መግለጥ። ለሁለተኛው ሥራ ቋንቋ ያስፈልጋል አለ። እኔ የጸጋ ስጦታው ይህ ብቻ ነው የሚል ሙግት ውስጥ አልገባም፤ በዚህ ጉዳይ አብያተ ክርስቲያኖቻችን የተለያየ አቋም አላቸው። ሳነበው የሚገርመኝ ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች «ሌሎቹ ይመዝኑ» የሚለውን ትእዛዝ ለመፈጸም መጀመሪያ መመዘን የሚችሉ ሰዎችን ማሠልጠን እንዳለባቸው ገባቸው። ሚዛን የሌለው ጉባኤ ምን ይመዝናል?

ነገሩ ለባለ ሥልጣናት እንደማይመች ቆይቶ በእንግሊዝ ታየ። ከስዊዘርላንድና ከጀርመን ከተሞች የተማሩ ሰባኪዎች በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን ተመሳሳይ ጉባኤዎችን በያውራጃው አቋቋሙ፤ እነሱም «ትንቢት» ይሏቸው ነበር። ንግሥቲቱ አልወደደችውም፤ ለአንድ አውራጃ ሦስት ወይም አራት ሰባኪ ይበቃል የሚል አሳብ ነበራት። በ1576 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ኤድመንድ ግሪንዳል ጉባኤዎቹን እንዲዘጋ ስታዘው ረጅም ደብዳቤ ጽፎ እምቢ አላት። በሚቀጥለው ዓመት ከሥራው ታገደ፤ በ1583 እስኪሞትም ሙሉ ሥልጣኑ አልተመለሰለትም።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ይህማ የእኛ ትርጓሜ ቤት ነው!» ሊል ይችላል። እውነቱን ነው፤ ይህን ሳንል ማለፍም ነውር ይመስለኛል። በአገራችን የቆየው የአብነት ትምህርት ተማሪውን ከንባብ ቤት በዳዊት አስጀምሮ፣ በዜማና በቅኔ አሳልፎ መጻሕፍት ቤት ያደርሰዋል። እዚያም ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል። ንባቡ ግእዝ፣ ትርጓሜው አማርኛ ነው። መምህሩ አንዱን ቃል ፈትቶ «አንድም» ይልና ሌላ ፍቺ ያመጣል፤ እንደገና «አንድም»። ቃሉን ከየት እንደመጣ፣ ከማን ጋር እንደሚስማማ ሳያዩ አያልፉትም። ልዩነቱ አለ። በአብነቱ የኔታ የሰጡትን ሳያጎድሉ ማስተላለፍ ትልቁ ክብር ነው፤ በዙሪክ ግን የወረሱት ላቲን ራሱ በዕብራይስጡ ፊት ለፍርድ ይቀርብ ነበር። ሆኖም ቅኔ የፈታ የቆሎ ተማሪ ከእኛ ከብዙዎቻችን ይልቅ የሴፖሪኑስን ወንበር ጠንቅቆ ይረዳው ነበር። እኛ ወንጌላውያን አንድምታውን በመሠረተ እምነት ምክንያት ስንተወው የማንበብ ትዕግሥቱንም አብረን ሳንተወው አልቀረንም።

ሴፖሪኑስ ብዙ አልቆየም። ጉባኤው በተከፈተ በስድስት ወሩ፣ በዲሴምበር 1525፣ ሞተ። ቋንቋ አብዝቶ ያጠና ነበር፤ ገና ወጣት ነበር። በእሱ ቦታ ከባዝል ኮንራድ ፔሊካን መጣ፤ ፍራንሲስካዊ መነኩሴ የነበረ፣ ብዙውን በግሉ እየታገለ ዕብራይስጥን የተማረ ሽማግሌ። በ1526 ወንበሩን ተረከበና ንባቡ ከቆመበት ቀጠለ። በየማለዳው ከዝዊንግሊ አፍ የሰሙትን ሊዮ ዩድና ካስፓር ሜጋንደር እየጻፉ ያዙት፤ የዘፍጥረትና የዘጸአት ማብራሪያ ሆኖ በ1527 ታተመ። ከሁሉ የሚበልጠው ፍሬ ግን በ1531 መጣ። ክርስቶፍ ፍሮሻወር የተባለው አታሚ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በአንድ ትልቅ ጥራዝ በጀርመንኛ አወጣ። የሉተር ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ የወጣው ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው። የዙሪኮቹ ከሉተር የተዋሱት ብዙ ነው፤ እሱ ገና ያልደረሰባቸውን የነቢያት መጻሕፍት ግን ራሳቸው ተረጎሙ፤ ከዚያው የማለዳ ወንበር ላይ ሆነው።

እስካሁን የነገርኋችሁ የሚያበረታታውን ነው።

ጉባኤው ከመከፈቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት በዝዊንግሊ ዙሪያ ግሪክና ዕብራይስጥ አብረው የሚያነቡ ወጣቶች ነበሩ። ከእነሱ መካከል ኮንራድ ግሬበልና ፊሊክስ ማንዝ ይገኛሉ። ማንዝ ከግሮስሙንስተር ካህናት የአንዱ ልጅ ነው፤ በዕብራይስጥ እውቀቱ የታወቀ ነበር። መምህራቸው «ጽሑፉ የሚለውን ተከተሉ» አላቸው፤ ተከተሉ። ስለ ጥምቀት የሚናገሩትን ክፍሎች አንድ በአንድ ሲያነቡ በቅድሚያ መማርና ማመን፣ ከዚያ መጠመቅ የሚል ቅደም ተከተል አገኙ። ስለዚህ የሕፃናት ጥምቀት ከመጽሐፉ አይደለም አሉ። ዝዊንግሊም እንዲሁ በመዝለል አላነበበም፤ ቃል ኪዳኑን ከአብርሃም ጀምሮ ተከትሎ፣ የግርዘትን ነገርና ቤተሰብ ሙሉ የተጠመቀበትን ታሪክ አምጥቶ መለሰላቸው። ሁለቱም ወገን ቃሉን ይዟል። በጃንዋሪ 21 ቀን 1525 በማንዝ እናት ቤት ተሰብስበው እርስ በርስ ተጠማመቁ። ፕሮፌትሳይ ሲከፈት ከተማው በዚህ ክርክር መካከል ነበር። ዝዊንግሊም በዚያው ወር ሳይሾሙ ስለሚሰብኩ ሰዎች በጻፈው መጽሐፍ ቋንቋ ሳያውቁ ነቢይ ነን ማለት አይገባም ሲል ተከራከረ። ማንዝ ግን ዕብራይስጥ ያውቅ ነበር።

በማርች 1526 ምክር ቤቱ ዳግመኛ የሚያጠምቅ ሰው በውኃ ሰጥሞ ይሙት ብሎ ደነገገ። በጃንዋሪ 5 ቀን 1527 ማንዝን በሊማት ወንዝ ላይ በጀልባ ወሰዱት። እጆቹን አስረው በጉልበቶቹ በኩል አሳለፉ፤ በክንዶቹና በጉልበቶቹ መካከል እንጨት አገቡበት። እናቱና ወንድሙ ከዳር ቆመው እንዲጸና ይጮኹለት ነበር። እሱም ነፍሱን በጌታ እጅ የሚያስረክብ ዜማ በላቲን አዜመ፤ ከዚያም ወደ ውኃው ጣሉት። ወንዙ ግሮስሙንስተር ካለበት ጉብታ ሥር ያልፋል። ግሬበል ከዚህ በፊት በ1526 በበሽታ ሞቶ ነበር።

ይህን ለምን እንደምተርክ ልናገር። ዝዊንግሊን ለማዋረድ አይደለም፤ እኔ ከእሱ ብዙ ተምሬአለሁ። ነገር ግን ማንበብ የማስተማር ዋጋ እዚህ ላይ ይታያል። ተማሪ አጥብቆ እንዲያነብ ካስተማርነው አንድ ቀን እኛ ያላነበብነውን አንብቦ ይመጣል። አንዳንዴ እሱ ይስታል፤ አንዳንዴ እኛ። በዚያ ቀን የያዝነው ምን እንደሆነ ይገለጣል፤ ቃሉን ነው ወይስ ወንበሩን? የዙሪክ መሪዎች ለተማሪው መጽሐፉን ከፈቱለት፤ በተለየባቸው ጊዜ ደግሞ ለመንግሥት ሰይፍ አሳልፈው ሰጡት። ከወንበራቸው በላይ ያለው ምዕራፍ «ሌሎቹ ይመዝኑ» ብቻ ሳይሆን ለተቀመጠውም ቢገለጥ የፊተኛው ዝም ይበል ይል ነበር። የተባረሩት ወንድሞችም ይህንኑ ክፍል ጠቅሰው፣ በዚህች ቤተ ክርስቲያን ከተሾመው በቀር ማን ይናገራል ብለው ይጠይቁ ነበር። የዙሪክ የተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን በደሏን በይፋ የተናዘዘችው፣ ለማንዝና አብረውት ለሞቱት በሊማት ዳር የመታሰቢያ ድንጋይ የቆመውም በ2004 ነው።

እኛስ? በአንድ የወጣቶች ጥናት ላይ አንዲት እኅት በቡድኑ መሪ ማብራሪያ ላይ እጇን አውጥታ «ቁጥር 12 ግን እንዲህ አይልም» ስትል ነበርሁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። መሪው ሳቅ ብሎ «መንፈስ ቅዱስ ሲገልጥልሽ ይገባሻል» አላት። ማንም አላሰመጣትም። ነገር ግን በሚቀጥለው ሳምንት እጇን አላወጣችም፤ ከዚያ በኋላም ወደ ጥናቱ አልመጣችም። ያ መሪ እኔ ነበርሁ። ቁጥር 12ን ቤቴ ገብቼ አነበብሁት፤ እሷ እንዳለችው ነበር።

ዝዊንግሊ በኦክቶበር 11 ቀን 1531 በካፔል ጦርነት ከዙሪክ ሠራዊት ጋር ወጥቶ ሞተ፤ አብረውት ብዙ ሰባኪዎች ሞቱ። ከተማዋ ተሸንፋ፣ ተዋርዳ፣ ተከፋፍላ ነበር። ብዙዎች ለጥፋቱ ሁሉ ሰባኪዎቹን ይወቅሱ ነበር። ሃይንሪሽ ቡሊንገር ስብከቱን ተረከበ። የብሉይ ኪዳኑ ወንበር ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላለው፣ በልጅነቱ በዚያችው ከተማ ለተማረው ለቴዎዶር ቢብሊያንደር ተሰጠ። ጦርነቱ ካለፈ ሦስት ወር ሲሆን፣ በጃንዋሪ 11 ቀን 1532፣ ቢብሊያንደር በጉባኤው ፊት ቆሞ ትንቢተ ኢሳይያስን ከፈተ፤ ከመጀመሪያውም ማንበብ ጀመረ።